የዳልቻው በሬ መዝገብ፦ ከደቡብ ወሎ አንድ የከብት ስርቆት ጉዳይ

ከደሴ ወደ ወልድያ ከሚዘልቀው ዋና መንገድ በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ ቆላ መውረድ በሚጀምርበት ተረተር ላይ ባለ አንድ ጎጥ፣ የከብት ስርቆት ከዓመት በላይ ሲመላለስ ቆየ። ጊደር ጠፋ፣ ወይፈን ጠፋ፣ ከአንድ ቤት ደግሞ ጥማድ በሬ በአንድ ሌሊት ተነዳ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን የሰጠ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጎጡ በፖሊስ መዝገብ ላይ ሌባ የማይደርስበት ሰላማዊ ቦታ ነበር። ለቀበሌው የሚመደበው ፖሊስም፣ የሌሊት ጥበቃ የሚወጣው ሚሊሻም ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር የሚሄደው።

ጉዳዩን ያወቅሁት በማመልከቻ ጸሐፊነት ስሠራ ነው። ነገሩ የሆነው ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም ወሎን ከማዳረሱ በፊት ነው። ሰዎቹ ዛሬም በአንድ ቅሬ፣ ማለትም በአንድ የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር፣ የሚቀባበሩ ጎረቤቶች ስለሆኑ ስማቸውንም የቀበሌያቸውንም ስም ትቻለሁ። እንዲህ በዝርዝር የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው፤ ያን ዓመት ሙሉ ዝም የተባለው ለሰላም ሲባል ነበር፤ የዝምታውን ዋጋ የከፈሉት ግን ከሁሉም ይልቅ ምንም ያላጠፉት ናቸው።

አፈላላጊው

መጀመሪያ የጠፋችው የአንድ ጎልማሳ ገበሬ ጊደር ነበረች። ሰውየው ዱካ ተከትሎ ሲንከራተት ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ፣ በአጎራባች ቀበሌ ከብት በመነገድ የሚታወቅ ሰው ዘንድ እንዲሄድ ተመከረ። ነጋዴው «አፈላልጌ አስመጣልሃለሁ፤ ግን ለሚደክሙት ልጆች የሚሰጥ ያስፈልጋል» አለው። ተከፈለ። ጊደሯም ሁለት ሌሊት ሳይሞላ ከደጃፍ ታስራ ተገኘች። ያኔ ጎጡ በሙሉ ሰውየውን መረቀው። ጊደሯ በዚያ ፍጥነት ከየት መጣች ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያ በኋላ ከብት የጠፋበት ሁሉ ወደዚያው ሰው ሄደ። ክፍያው እየጨመረ ሄደ። ከፍለው ያገኙ አሉ፤ ከፍለው ያጡም አሉ፤ ያጡት ደግሞ ያፍሩ ስለነበር አይናገሩም። የከፈለ ሁሉ ከብቱን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም ስርቆት እየከፈለ መሆኑን ለማየት ጊዜ ወሰደ።

ለምን ፖሊስ ጋ አልሄዱም? ይህን ጥያቄ ከተማ የተቀመጠ ሰው በንቀት ሲጠይቅ ሰምቻለሁ፤ ንቀት ግን አይገባውም። እነዚህ ሰዎች ምክንያት ነበራቸው። ጣቢያው በእግር ደርሶ መልስ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ በእርሻ ወቅት አንድ ቀን ብዙ ነው። ከሄዱም በኋላ «መርማሪው የለም፣ ነገ ተመለስ» መባል አለ። በሬው ቢገኝ እንኳ ኤግዚቢት (ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ) ተብሎ ጣቢያ ታስሮ እንደሚቆይ ሰምተዋል። የተሰረቀበት ሰው ሌባውን በዓይነ ኅሊናው ያውቀዋል፤ ወይ የአማቹ ዘመድ ነው ወይ አበ ልጁ ነው። ሌሊት ከብት የሚነዳ ሰው ደግሞ ዱላ ብቻ ይዞ አይሄድም፤ ልጅ ብቻውን ከብት በሚያግድበት አገር ይህ ቀላል ፍርሃት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ወሎ ውስጥ ነገርን በሽማግሌ መጨረስ የቆየ ክብር አለው። አበጋሮች የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም የተቃቡ ወገኖችን አስታርቀው፣ ዱዓ አድርገው፣ ቂም እንዲሽር ሲያደርጉ የኖሩበት አገር ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ እየተረዳዳና አንዱ የሌላውን ቀብር እየቆመ የኖረው በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ነው። ይህን ትልቅ ነገር የሚያቃልል ሰው ወሎን አያውቅም። ችግሩ አፈላላጊው የሽማግሌን ካባ ለብሶ መምጣቱ ነበር። ሽማግሌ በዳይንና ተበዳይን ፊት ለፊት አስቀምጦ ጥፋቱ ታምኖ ካሣ እንዲከፈል ያደርጋል። አፈላላጊው ግን ካሣውን ያስከፈለው ተበዳዩን ነው፤ በዳዩ ደግሞ ጭራሽ አልታየም።

አውጫጭኙ

ስርቆቱ ሲበዛ ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ጠሩ። ይህ ሥርዓት በአማራው አገር በየቦታው የነበረ ነው፤ በሌላ አካባቢ አፈርሳታ ይሉታል። ጎጡ አንድ ሳይቀር ወጥቶ ይቀመጣል፤ ያየ፣ የሰማ፣ የጠረጠረ በመሐላ ይናገራል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሰው ወደ ሥራው አይሰናበትም። ፖሊስ በሌለበት ዘመን ብዙ ወንጀል የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ያን ቀን ግን ምንም አልወጣም። የሚያውቁት ፈሩ፤ የማያውቁት ገመቱ። ግምቱም አንድ ወጣት ላይ አረፈ። ልጁ መሬት የለውም፤ ጅቡቲ ቆይቶ የተመለሰ ነው፤ እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ ታይቷል፤ ማታ ማታ ከተማ ያመሻል። እሱ ነው ብሎ የመሰከረበት የለም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለወንፈል የሚጠራው ጠፋ። የሚያበድረው ጠፋ። እናቱ ውኃ ስትወርድ ሴቶቹ ጨዋታቸውን ያቋርጡ ጀመር። ልጁ ብዙም ሳይቆይ በባቲ በኩል ወደ አፋር ወርዶ፣ ብዙ የወሎ ልጅ በሄደበት መንገድ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ገባ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። በድሮ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚያ እንደተዋረደ ቤቱ ይቁጠረው፤ በኋላም በመንግሥት ተከልክሏል። ሐሜት ግን አልተከለከለም፤ የሚሠራውም ያንኑ ነው። ማስረጃ የሚፈልግ፣ ተጠርጣሪን የሚያስተባብልበት ዕድል የሚሰጥ፣ ውሳኔውን በጽሑፍ የሚያሰፍር አካል ጋ ያልደረሰ ወንጀል መጨረሻው ሰው ላይ ማረፉ አይቀርም። የሚያርፈውም መከላከያ የሌለው ሰው ላይ ነው።

ሰኔ

ባለበሬዋ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች በቤት ያሏቸው ሴት ናቸው። ትልቋ ልጃቸው ዐረብ አገር ናት። ዳልቻው በሬ የተገዛው እሷ በላከችው ገንዘብ ነው። ሴትዮዋ በሬያቸውን ከአንድ ጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው፣ ጎረቤትየው አርሶላቸው፣ እሳቸው በሬ አውጥተው በዚያ ይኖራሉ። በሬው በሰኔ አጋማሽ፣ ጤፍ መሬቱ ሁለተኛ ታርሶ ሦስተኛ ሲጠበቅ፣ ሐሙስ ሌሊት ዝናብ ሲጥል ከበረት ተወሰደ።

አርብ ገና ማለዳ አፈላላጊው ራሱ ከደጃቸው ደረሰ። «እትዬ፣ በሬዎ ጠፋ ሲባል ሰምቼ ነው» አለ። ስድስት ሺህ ብር ጠየቀ። ሴትዮዋ ለቅርብ ጎረቤታቸው እንጂ ለሌላ ሰው ገና አልተናገሩም ነበር። ያን ዓመት ሙሉ ማንም ያላየውን እሳቸው ያዩት በዚያች ቅጽበት ነው፦ ይህ ሰው በሬዬ መጥፋቱን ከማን ሰማ?

«ዛሬ ብሰጥህ ለሚመጣው ክረምት ደግሞ ከየት አመጣልሃለሁ?» ብለው መለሱት። ዘመድ ሁሉ ተቆጣቸው። ፖሊስ ጋ ከሄዱ በሬውን አርደው ይበሉታል አላቸው። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ።

«ሽማግሌ ይዛችሁ ጨርሱ»

ጣቢያው ላይ የተቀበላቸው ተረኛ መጀመሪያ «እናቴ፣ የሰፈር ነገር ከሆነ ሽማግሌ ይዛችሁ ጨርሱ» አላቸው። ሲጸኑበት ደግሞ «ማመልከቻ አጽፈው ይምጡ» ብሎ መለሳቸው። እኔ ጋ የመጡት ያኔ ነው።

ሁለቱም መልሶች ልክ አልነበሩም፤ ይህንንም ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም በዓይኑ ባያይም እንኳ፣ ለፖሊስ የማስታወቅ መብት ይሰጠዋል። በአፍ የተነገረውን ጽፎ፣ አንብቦ አሰምቶ ማስፈረም የተቀባዩ ሥራ ነው፤ ማመልከቻ ማጻፍ ግዴታ አይደለም። አንቀጽ 22 ደግሞ መርማሪው የቀረበለት ነገር አጠራጣሪ ቢመስለው እንኳ ምርመራውን ማካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህንኑ ለተረኛው ኃላፊ በትሕትና ነገርነው። ኃላፊው ሳይከራከር መርማሪ ጠራ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት መልስ የሚሰጠው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ነገሩ ሄዶ ሄዶ በእርቅ ተዘግቶ ድካሙ ከንቱ ሲሆን ስላየ ነው። ተበዳዩ መሐል መንገድ ላይ ቃሉን ሲያጥፍ መርማሪው ቀጣዩን ሰው በጥርጣሬ ይቀበላል።

መርማሪው ጥሩ ሰው ነበር። ጥድፊያ አላሳየም።

«ቀለሙ?»

«ዳልቻ ነው። ሆዱ ሥር ይነጣል።»

«ዳልቻ በሬ ብዙ ነው፤ የእርስዎ መሆኑን ምን ይነግረኛል?»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው አየሩን እየዳሰሱ ይቆጥሩ ጀመር። ግንባሩ ላይ የአውራ ጣት የምታህል ቦቃ አለች። የቀኝ ቀንዱ ጫፍ ተሸርፏል፤ ባለፈው ጥር ከሌላ በሬ ጋር ሲዋጋ ነው። ግራ ጆሮው ጫፉ ላይ ተበጥቷል፤ ሲገዙትም እንዲሁ ነበር። ጫንቃው ላይ ቀንበር የላጠው ቦታ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ በቅሏል። ስሙ ሸጋው ነው። መርማሪው ስሙን ሳይቀር ጻፈው። ከዚያ ስለ አፈላላጊው ጠየቃቸው፦ በስንት ሰዓት መጣ፣ ምን አለ፣ ስንት ጠየቀ፣ ማን ነበር አጠገባቸው። አጠገባቸው ጎረቤታቸው ነበሩ። እሳቸውም ስማቸው ተመዘገበ። ሁሉም ተነበበላቸው፤ በአውራ ጣታቸው አተሙ።

ይህ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ የጉዳዩ ሁሉ ምሰሶ ሆነ። ምክንያቱን ወደፊት እናየዋለን።

ከአርብ እስከ ሰኞ

ሴትዮዋ የሄዱት በዚያው ቀን መሆኑ በሬያቸውን አትርፎላቸዋል። በዚያ አካባቢ የተሰረቀ ከብት ተረተሩን ወርዶ ወደ ቆላ ነው የሚነዳው፤ ትልቁ መሸጫ ደግሞ የባቲ የሰኞ ገበያ ነው። ባቲ ሰኞ ሰኞ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ የሚገናኝበት፣ ከግመል እስከ ፍየል የሚሸጥበት የቆየ ገበያ ነው። እዚያ የገባ በሬ በማግስቱ የት እንዳለ ማወቅ ከባድ ነው። እስከ ሰኞ ግን ሦስት ቀን ነበር። ሌሎቹ ባለከብቶች እነዚህን ቀኖች ያጠፏቸው አፈላላጊውን ሲለምኑ ነው።

የቀበሌው ፖሊስና ሁለት ሚሊሻዎች ቅዳሜ መንገዱን ተከትለው ወረዱ። አንድ የጠዋት ሶላት ሊሰግድ የወጣ ሰው፣ አርብ ጎሕ ሳይቀድ ሁለት ሰዎች ሦስት በሬ ሲነዱ እንዳየ፣ አንዱንም በመልክ እንደሚያውቀው ተናገረ። ለምን ቀደም ብሎ እንዳልተናገረ ሲጠየቅ፣ የጠየቀው እንዳልነበረ ነው የመለሰው። አንድ ሰው ወደ ጣቢያ ሲሄድ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ነገር ይዞ ቤቱ የተቀመጠው ሁሉ የሚጠይቀው ያገኛል።

ባቲ በሌላ ዞን፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሥር ነው። ፖሊስ ለፖሊስ ደውሎ፣ የበሬው ምልክት በስልክ ተነግሮ፣ ሰኞ ጠዋት ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ፖሊሶች ከብት ተራው ውስጥ ተሰማሩ። ሴትዮዋም ከጎረቤታቸው ጋር ሄደዋል። ዳልቻው ከሌሎች በሬዎች ጋር በአንድ ነጋዴ እጅ ተገኘ። ነጋዴው ቅዳሜ ማታ ገበያ ሳይወጣ ከአንድ ሰው ቤት እንደገዛው ተናገረ፤ የገበያ ቀረጥ ደረሰኝ አልነበረውም። በሬው የራሴ ነው ብሎ የመጣ ሁለተኛ ሰውም ነበር። ያን ጊዜ መርማሪው አርብ የጻፈውን ወረቀት አውጥቶ አነበበ፦ ቦቃው፣ የተሸረፈው ቀንድ፣ ጆሮው፣ ጫንቃው። ምልክቶቹ የተጻፉት በሬው ከመገኘቱ በፊት ስለነበር «አሁን አይታ ነው የተናገረችው» የሚል አፍ ተዘጋ። ሴትዮዋ ስሙን ሲጠሩት በሬው ዞር ማለቱን ጎጡ ዛሬም ያወራዋል፤ ፍርድ ቤት የተቀበለው ግን ወረቀቱን ነው።

ሻጩ በዚያው ሳምንት ተያዘ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በሚያዝዘው መሠረት፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሳዑዲ ከሄደው ልጅ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። የአፈላላጊው የሚስቱ ወንድም ነው።

በሬው ጣቢያ፣ እርሻው ሜዳ

ሰዎች የፈሩት አንድ ነገር እውነት ሆነ። በሬው ኤግዚቢት ተብሎ ጣቢያው ግቢ ታሰረ። ሰኔ እያለቀ ነበር። ሴትዮዋ ገለባ ተሸክመው እየሄዱ ያበሉታል፤ ማሳቸው ዳዋ ሊለብስ ነው። ወሎ ውስጥ ክረምት የሚጠብቀው ሰው የለም፤ የዘር ጊዜ ካለፈ አለፈ ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አልነበረም። በሬው ፎቶ ተነሥቶ፣ ምልክቱ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ ሴትዮዋ ክሱ እስኪያልቅ ላይሸጡትና ላያርዱት፣ ሲጠየቁም ሊያቀርቡት ፈርመው እንዲወስዱት ጠየቅን፤ ተፈቀደ። ግን ይህን የነገራቸው የለም፤ ባይጠየቅ ኖሮ በሬው እዚያው ይከርም ነበር። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ከብትን በተመለከተ ይህን ሳይጠየቁ ቢያደርጉት ኖሮ የብዙ ገበሬ አፍ ይከፈት እንደነበር አምናለሁ። ሰው ወንጀል እንዲያስታውቅ የሚፈልግ ሁሉ፣ ማስታወቁ ከስርቆቱ በላይ እንዳይጎዳው ማሰብ አለበት።

ማስፈራራቱም መጣ። አንድ ማታ «ልጅሽ ከብት የሚያግደው ብቻውን ነው አሉ» የሚል ቃል በሰው ተላከባቸው። ሴትዮዋ ይህንንም ሄደው አስመዘገቡ። ቃሉን ያደረሰው ሰው ተጠርቶ ተጠየቀ፤ ላኪውም ተጠርቶ ስሙ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልመጣም። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ እሱ ግን የታሰበው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ለሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ነው፤ ለአንዲት የገጠር ሴት በየሌሊቱ ዘብ አያቆምም። እሳቸውን የጠበቃቸው ጎረቤት ነው። ልጆቻቸውን ከልጆቹ ጋር አብረው እንዲያግዱ ያደረጉ፣ ችሎት በሚሄዱበት ቀን ማሳቸውን በደቦ ያረሱላቸው ሰዎች ናቸው።

የቀረው ክስ

አሁን ወደ መራራው ክፍል ልግባ። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ሲያይ ይህ የአንድ በሬ ነገር አለመሆኑ ገብቶታል። የወንጀል ሕጉ ለተራ ስርቆት ቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው የሚያስቀምጠው። ስርቆትን መተዳደሪያ ያደረገ ወይም በቡድን የተደራጀ ሌባ ላይ ግን ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። ልዩነቱን የሚያመጣው የቀደሙት ስርቆቶች በማስረጃ መቅረባቸው ነው። ስለዚህ ቀደም ሲል የተሰረቁት እንዲመሰክሩ ወደ ጎጡ መልእክት ተላከ።

አንድ ሰው ብቻ መጣ። እሱም ጊደሯ መቼ እንደጠፋች ቀኑን አያውቅም፤ «ከመስቀል በኋላ» ነው የሚለው። ለአፈላላጊው የሰጠውን ገንዘብ ያየ ምስክር የለውም። ጊደሯ ከዚያ በኋላ ተሸጣለች። በጊዜው የተጻፈ አንዲት መስመር የለም። ሌሎቹ ጭራሽ አልመጡም፤ አንዳንዶቹ ገንዘብ ሰጥተናል ካልን እኛም እንጠየቃለን ብለው ፈርተዋል። የተሰረቀበትን ከብት ለማስመለስ ተገዶ የከፈለ ሰው ተበዳይ መሆኑን ያስረዳቸው አልነበረም።

በዚህ የተነሣ ክሱ በአንዱ ዳልቻ በሬ ላይ ብቻ ቀረበ። ሻጩ ጥፋተኛ ተባለ፤ የተወሰነበት እስራት ግን የአንድ በሬ እስራት ነው። አፈላላጊው ላይ በማስረጃ እጥረት ክስ ሳይመሠረት ቀረ። በስድስት ሺህ ብር ጥያቄው ላይ የቆሙት ምስክሮች ሴትዮዋና ጎረቤታቸው ብቻ ነበሩ፤ እሱም «ለመርዳት ነው» አለ። ከእሳቸው በፊት ከተሰረቁት ሦስቱ እንኳ በየጊዜው አስመዝግበው ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ዓይነት ሰው በአንድ ዓይነት አኳኋን በየማለዳው ሲመጣ መዝገቡ ራሱ ይናገር ነበር።

ሕጉ እነዚያን ሰዎች አያስገድዳቸውም። ወንጀልን አለማስታወቅ በራሱ የሚያስቀጣው እንደ ወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 ሞት ወይም ዕድሜ ልክ እስራት በሚያስከትሉ ከባድ ወንጀሎችና በሕግ ተለይተው በተጠቀሱ ሁኔታዎች ነው። የከብት ስርቆት እዚያ ውስጥ የለም። እንግዲህ የሚቀረው የጎረቤት ግዴታ ነው።

ቅሬው የወሰነው

ከፍርዱ በኋላ ሽማግሌዎች በትክክለኛ ቦታቸው ገቡ። የታሰረው ሰው ዘመዶችና የባለበሬዋ ቤተሰብ ቂም ይዘው እንዳይፋለጉ አስቀመጧቸው፤ የጠፋውን የእርሻ ቀን ካሣ አስከፈሉ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ክርስቲያኖቹም ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ፍርድ ቤት ይህን ማድረግ አይችልም። አንድ አዛውንት በዚያ ቀን የተናገሩት ለእኔ ትክክል ነው፦ «እኛ የምናስታርቀው ያመነውን ነው። የተደበቀውን የሚያወጣ ሌላ ነው።»

ቅሬውም ውሳኔ አሳለፈ። ከብት የጠፋበት አባል በዚያው ቀን ለቀበሌው ፖሊስ ያስመዘግባል፤ ምልክቱን የሚጽፍለት ፊደል የቆጠረ ወጣት አብሮት ይሄዳል፤ ለጣቢያና ለችሎት በሚውልበት ቀን ሥራው በደቦ ይሠራለታል፤ ለአፈላላጊ ገንዘብ የከፈለ ግን ለቅሬው መቀጫ ይከፍላል። የመጨረሻውን አንዳንዶች ጨካኝ ነው ብለው ተከራክረዋል። እኔም ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ በሬውን ያጣ ሰው ላይ ቅጣት መጨመር ዳግመኛ ዝም ያሰኘዋል ብዬ እፈራለሁ። የደቦው ነገር ግን ከብዙ ስብሰባና ከብዙ ፖስተር የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ሰው ያልሄደው ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን ማሳውን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ ነበርና።

ዛሬ በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር ጣቢያ መድረስ የማይቻልባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያም ቢሆን የጠፋበትን ቀን፣ ምልክቱን፣ ያዩትን ሰዎች ስም በወረቀት ጽፎ፣ ሁለት ሰው አስፈርሞ ማስቀመጥ ይቻላል። መንገዱ ሲከፈት የሚሰጠው ቃል ከወረቀቱ ጋር ክብደት ይኖረዋል፤ «ከመስቀል በኋላ» ብቻ ይዞ ከመቅረብ ይለያል።

ሳዑዲ ስላለው ልጅም ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር አደረጉ። የፍርዱን ግልባጭ አውጥተን ነበርና በቅሬው ስብሰባ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነበቡት፤ እናቱንም በጎጡ ፊት ይቅርታ ጠየቋቸው። ልጁ በስልክ ተነግሮታል። እስካሁን አልተመለሰም።

አፈላላጊው በአጎራባች ቀበሌው ከብት መነገዱን ቀጥሎ ነበር። ከፍርዱ በኋላ ግን ቀድሞ ዝም ካሉት ሁለቱ፣ ጥማድ በሬ በአንድ ሌሊት የተነዳበት ሰው ጭምር፣ ወደ ጣቢያ ሄደው ስንት እንደከፈሉና በማን ፊት እንደከፈሉ ቃላቸውን ሰጥተዋል። አንደኛው ገንዘቡን ሲቆጥር ያየ ወንድሙን ይዞ ነው የሄደው።